የገንሺን አካውንት ገዝታችሁ አትጀምሩ፤ እኔ ደሴ ላይ ተበልቻለሁ

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሁኑ ወልድያ፣ ገንሺን ኢምፓክት የሚባለውን ጌም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ልጆች ይሄን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትልኩ። እኔ 3,500 ብር ተበልቻለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ የገዛሁት ነገር አብዛኛው በነጻ የሚገኝ መሆኑ ነው።

ጨዋታውን ማውረድ ነጻ ነው። ጂቢው ግን ብዙ ነው። እኔ ወንድሜ ቤት ዋይፋይ ላይ ሁለት ሌሊት አሳድሬ ነው ያወረድኩት። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ፤ እሱን ተዉት። ገና አንድ ሰዓት ሳልጫወት ጓደኞቼ «ከዜሮ ምን አለፋህ? ዝግጁ አካውንት ግዛ» አሉኝ። ከሻጩ ጋር በቴሌግራም አገናኙኝ፤ ፒያሳ አካባቢ ሻይ ቤት ተቀጣጠርን።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ከገጸ ባህሪያቱ ዲሉክ አለ። ቺቺ አለች። አድቬንቸር ራንኩ፣ ማለትም የአካውንቱ ደረጃ፣ 32። «70 ፒቲ ተጠራቅሞበታል፤ 20 ብቻ ብታወጣ ባለ አምስት ኮከብ ይመጣልሃል። አብሽር ብሮ» አለኝ። እኔም አበሸርኩና እዚያው ቁጭ ብዬ በቴሌብር ላክሁለት። ሻዩንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ይሄን «70 ፒቲ» የሚሉትን ነገር ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፤ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነውና። ገጸ ባህሪ የምታወጡት እንደ ሎተሪ በዕጣ ነው። በአንድ ዕጣ ባለ አምስት ኮከብ (ትልቁ ደረጃ) የመውጣት ዕድሉ 0.6 በመቶ ነው። ጨዋታው ግን ያወጣችሁትን ይቆጥርላችኋል፣ ፒቲ የሚሉት ይሄን ቆጠራ ነው፤ 90ኛው ላይ ስትደርሱ የግድ ይሰጣችኋል። አንዱ ዕጣ 160 ፕሪሞጄም (የጨዋታው ገንዘብ) ስለሆነ ከባዶ ተነስቶ 90 ለመድረስ 14,400 ያስፈልጋል። እንግዲህ 70 ሞልቷል ሲሏችሁ 11,200 ፕሪሞጄም በእጃችሁ የገባ ይመስላችኋል።

ቆጠራው ግን ለየባነሩ (ዕጣ ማውጫው) ዓይነት ለየብቻ ነው። የኔው 70 የተቆጠረው ቋሚው ባነር ላይ ነበር። ሰው ሁሉ የሚሯሯጥለት፣ ገጸ ባህሪያቱ በየጊዜው የሚቀያየሩበት ባነር ላይ የዕጣ ታሪኩን ከፍቼ ስቆጥር ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 6። ስድስት ብቻ! እሱንም ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ደግሞ 90ውን ብትሞሉ እንኳ መጀመሪያ የሚወጣው የፈለጋችሁት ላይሆን ይችላል፤ ያኔ ቀጣዩ ባለ አምስት ኮከብ ነው እርግጠኛው። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው የሻጩን ወሬ ሰምቶ ብር አይቆጥርም፤ የግመሉን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። እኔ የዕጣ ታሪክ የሚለውን አንዴ መንካት አቅቶኝ ነው።

ራንክ 32 ያለውም ጉራ ነው። ራንካችሁ ሲያድግ የዓለሙ ደረጃ አብሮ ከፍ ይላል፤ ጠላቶቹም ይጠነክራሉ። ሻጩ ራንኩን አሳድጎ ገጸ ባህሪያቱን ረስቷቸዋል። ዲሉክ ደረጃ 20 ላይ ነው፤ የያዘው ሰይፍ ተራ። መንገድ ዳር የሚቆሙት ሂሊቸርል የሚባሉ ተራ ጠላቶች በዱላ እየቀጠቀጡ ይጥሉታል፤ እኔ ሰሀን ሙሉ ዶሮ አብልቼው ተመልሶ ይወድቃል። ተቀማጭ ሬዚኑንም (ሽልማት ለመውሰድ የሚከፈል ጉልበት) ጨርሶታል፤ ሁሉንም አርቲፋክት (ገጸ ባህሪውን የሚያጠነክር ዕቃ) ላይ አፍስሶታል። ሬዚን በ8 ደቂቃ አንድ ነው የሚሞላው፤ ከባዶ 200 እስኪደርስ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ባለ አምስት ኮከብ አርቲፋክት ደግሞ በእርግጠኝነት መውደቅ የሚጀምረው ራንክ 45 ላይ ነው። ከዚያ በፊት እሱ ላይ ማባከን ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ይሁን ብዬ ሦስት ሳምንት ለፋሁ። ቦስ እየገደልኩ ዲሉክን 60 አደረስኩት። ከዚያ አንድ ጠዋት ልገባ ስል የይለፍ ቃሉ አልሠራም። አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል የሻጩ ነበር። «ቆይ በኋላ እቀይርልሃለሁ» ብሎኝ፣ ዛሬ ነገ ሲል ነው የከረመው። ኢሜይሉ በእጁ እስካለ ድረስ በፈለገ ሰዓት ይቀይረዋል። ብትቀይሩት እንኳ መጀመሪያ መቼና በምን እንደተከፈተ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለድርጅቱ ጽፎ ሊያስመልሰው ይሞክራል። እናንተ ለማን ታመለክታላችሁ? አካውንት መሸጥም መግዛትም በደንባቸው ክልክል ነው። እናቴ ምን ገዝቼ እንደተበላሁ ስትጠይቀኝ «ስልክ ውስጥ ያለ ሰው» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

አሁን በራሴ ኢሜይል ከዜሮ ጀምሬያለሁ፤ የሚገርማችሁ እየተመቸኝ ነው። አምበር፣ ኬያና ሊሳ የሚባሉት ገጸ ባህሪያት ታሪኩን ስትጀምሩ በነጻ ይሰጣሉ። የጀማሪዎች ባነር ላይ 10 ዕጣ በ8 ዋጋ ነው፤ በመጀመሪያው አሥር ኖኤል የግድ ትወጣለች። ራንክ 12 ላይ የቀን ሥራዎች ይከፈታሉ፤ አራቱን ከጨረሳችሁ 60 ፕሪሞጄም አለ። ራንክ 20 ስትደርሱ ስፓይራል አቢስ የሚባለው የፍልሚያ ቦታ ገብታችሁ ሦስተኛውን ፎቅ ጨርሱ፤ ሺያንግሊንግ ትሰጣችኋለች፣ እሷ ደግሞ እስከ መጨረሻው የምትጠቅም ልጅ ናት። እስከዚያው ሐውልቶቹን ክፈቱ፣ ሳጥን ልቀሙ፣ ዋናውን ታሪክ ግፉበት። ማሳደጊያ መጽሐፉን ለሁሉም አትበትኑ፤ የሚመታላችሁን አንድ ሰው መርጣችሁ እሱ ላይ አድርጉ።

ብር ካላወጣሁ ካላችሁ የወር ጥቅሉ ይሻላል፤ ለ30 ቀን በየቀኑ 90 ፕሪሞጄም ይሰጣል። ያልገባችሁበት ቀን ግን ይቃጠላል፤ መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋባችሁ አስቡበት። እኛ ጋ የዶላር ካርድ በቀላሉ ስለማይገኝ ሰው በአስሞይ (በብር ተቀብሎ በሚሞላላችሁ ሰው) ነው የሚገዛው፤ ይገባኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው የመለያ ቁጥራችሁና ሰርቨራችሁ ብቻ ነው። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ካለ ብሎክ አድርጉት። በጣም ርካሽ የሚሉትንም ሽሹ፤ በተሰረቀ ካርድ ተሞልቶ ባለካርዱ ብሩን ሲያስመልስ ሒሳባችሁ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ አካውንቱም ሊታገድ ይችላል።

ትናንት ማታ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ማስታወቂያ አየሁ። «ለጀማሪ የሚሆን፣ 70 ፒቲ ያለው፣ 4,000 ብር።» ምስሉን አጉልቼ የመለያ ቁጥሩን ደብተሬ ጀርባ ከጻፍኩት ጋር አስተያየሁ። አንድ ነው። ዲሉክም 60 ላይ ቆሟል፤ አሁን እሱንም ማስታወቂያው ላይ ጨምሮታል።