የገበያው ሰም አከሰረኝ፣ የጠጅ ቤቱ ሰፈፍ ካሰኝ

ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋ ቁጥር የምገዛው ነጭ ሻማ አስመረረኝ። ይጨሳል፣ ይንጠባጠባል፣ ጠዋት ስትነሳ ግድግዳው ላይ ጥቀርሻ ትቶ ታገኘዋለህ። ማር አገር ተቀምጬ ከነዳጅ የወጣ ፓራፊን የማነደው ለምንድን ነው ብዬ የንብ ሰም ፍለጋ ወጣሁ። ሦስት ወር ሞከርኩት። እዚህ ባሕር ዳር ልትሞክሩት ያሰባችሁ ካላችሁ ቢያንስ እኔ የከሰርኩትን አትከስሩም።

መጀመሪያ የሄድኩት ገበያ ነው። ማር ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንዱ ጋ ቢጫ፣ የሚያምር፣ ክብ ክብ ሰም ተደርድሯል። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ «ወንድሜ፣ ይሄ ቀጥታ ከቀፎ ነው» አለኝ፤ አምኜ አንድ ኪሎ ወሰድኩ። ቤት ገብቼ በጥፍሬ ስፍቀው ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ረገፈ። ደህና የንብ ሰም ሲፋቅ ይጠቀለላል እንጂ አይረግፍም፣ መዳፍ ውስጥ ሲታሽም እንደ ሊጥ ይለዝባል። ይሄኛው ፓራፊን ተቀላቅሎበታል፤ ሳቀልጠው ደግሞ ሞራ ሞራ ሸተተኝ። ልመልስ ብሄድ «የቀለጠ አይመለስም» ተባልኩ። ይሁን። ጥፍራችሁን ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ተጠቀሙ፣ እንደኔ ቤት እስክትገቡ አትጠብቁ።

ያዳነኝ ሰፈራችን ያለው ጠጅ ቤት ነው። ጠጅ ሲጣል ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ሲቀመጥ ሰሙና እድፉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰፈፍ የሚባለው እሱ ነው። ባለቤቷን እማማን ጠየቅኳቸው።

«ሰፈፍ? ለጧፍ ነው? ደግሞ መቼ ደብተራ ሆንክ?»

«አይ እማማ፣ ለቤት ሻማ ነው።»

«እንግዲያ ዛሬውኑ አፍላው። ካሰነበትከው ትል ያፈራል።»

ሦስት ኪሎ ያህል እርጥብ ሰፈፍ ሰጡኝ። ዋጋውን አልጽፍም፣ እስክታነቡት ይለወጣል፤ ግን ከገበያው ሰም ጋር አይወዳደርም። አሮጌ ነጠላ ውስጥ ቋጥሬ፣ ድንጋይ አስሬበት፣ ውሃ በሞላ ድስት ውስጥ ቀቀልኩት። ሰሙ በጨርቁ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ እድፉ ቋጠሮው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ እሳቱን አጥፍቼ እንዳለ አሳደርኩት። ጠዋት ድስቱ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ የጸና ቢጫ ክብ ቁጭ ብሏል! ከታች የተጣበቀውን ቡናማ ዝቃጭ በቢላዋ ፋቅኩና እንደገና አቀለጥኩት። የተጣራው 800 ግራም ገደማ መጣ። የብረት ድስት ግን አትጠቀሙ፣ ሰሙን ያጠቁረዋል። ደግሞ ቤቱ ለሁለት ቀን ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይሸታል፤ ሚስቴ አልወደደችውም፣ እኔ አልጠላሁትም።

ለሻማ ስታቀልጡ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። ሰሙን ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጡት። ሰም 62 እና 64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃችን 94 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ድንገት ከተቀጣጠለ ውሃ እንዳትደፉበት፣ ክዳን ግጠሙበትና እሳቱን አጥፉ።

የመጀመሪያው ሻማዬ ውርደት ነበር። የሶፍት ካርቶን አቁሜ ሰሙን ስገለብጥበት ከሥሩ ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ተነጠፈ። ወረቀት አንጥፌ በካውያ እየተኮስኩ ግማሽ ቀን ለቀምኩት። የተረፈውን ስለኩሰው ደግሞ ነበልባሉ ሁለት ደቂቃ ብልጭ ብሎ ራሱ ባቀለጠው ሰም ሰጠመ። ዘጌ በዲቁና ሲያገለግሉ ጧፍ የሠሩ አጎት አሉኝ፤ ደወልኩላቸው።

«የሱቅ ክር ነው የተጠቀምከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«የእንዝርት ፈትል ፈልግ። ክሩ ሰም ካልጠጣ አይበራም።»

በቃ፣ ሚስጥሩ ይሄው ነበር። የሱቁ ክር ናይለን ስላለበት ይቀልጣል እንጂ ሰም አይስብም። የጥጥ ፈትል ገዝቼ ስድስት አጠፍ አድርጌ ገመድኩት፣ ሰም ውስጥ ነክሬ ወጥሬ አደረቅኩት። ካርቶኑንም ከሥሩ በሊጥ ደፈንኩት። አሁን አንዷ ሻማ ከማታ እስከ ሌሊት ትቆያለች። ነበልባሏ ቢጫ ነው፣ የማር ሽታ አላት፣ ክሯን አጭር አድርጋችሁ ከቆረጣችሁ ጥቀርሻ ብዙም የላትም። «የቤቱን አየር ታጸዳለች» የሚሉት ግን ወሬ ነው፤ እሳት እሳት ነው፣ መስኮት ክፈቱ። ቅርጽ ማውጣት ከሰለቻችሁ ደግሞ ፈትሉን እየነከራችሁ እያደረቃችሁ ጧፍ ሥሩ። እኔ አሁን አብዛኛውን እሱን ነው የምሠራው፣ ካርቶንም ሊጥም አይፈልግም።

ትራፊው አልተጣለም። አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ የሰሊጥ ዘይት አቅልጬ ትንንሽ ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኩ። ለከንፈር ጥሩ ነው፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ግን ከጥሩም በላይ ነው፤ ማታ ተቀብቶ ካልሲ ማድረግ ነው። እናቴ «ቅቤ እያለ!» ብላ ስቃብኝ ነበር፣ አሁን ብልቃጡ እሷ ክፍል ነው ያለው። የሰሊጡ ሽታ ትንሽ ይከብዳል።

ወደ ጠጅ ቤቱ ስትሄዱ ለእማማ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አለበለዚያ ጧፍ ሠሪዎቹ ይቀድሟችኋል። ባልዲም ያዙ። ፌስታል ያፈሳል፤ የባጃጁ ሹፌር እስካሁን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።