ብሮሊዮ ወይስ ዮሃኒስበርግ?

የወይን እርሻ ያለው የድሮ ግንብ ማየት አማራችሁ እንበል። የጣሊያኑ ብሮሊዮ ይሻላል የጀርመኑ ዮሃኒስበርግ?

ታሪክ፦ ብሮሊዮ ከ1141 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሪካሶሊ ቤተሰብ ነው። ኪያንቲ የሚባለውን የጣሊያን ቀይ ወይን ቅልቅል በ1872 የቀመረው ቤቲኖ ሪካሶሊ ሁለት ጊዜ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። የዮሃኒስበርግ ወግ ግን ይበልጥ ይጥመኛል። በ1775 የወይን ለቀማ ፈቃድ የያዘው መልእክተኛ ዘገየ አሉ። ፍሬው ሐረጉ ላይ ሻገተ። ምን ይደረግ፣ ለቅመው ጠመቁት፤ ማር የመሰለ ወይን ወጣው!

መጠጡ፦ ብሮሊዮ በዋናነት ቀይ፣ ዮሃኒስበርግ ሪስሊንግ ከሚባል የወይን ዝርያ የሚጠመቅ ነጭ ብቻ።

መንገድ፦ ብሮሊዮ ያለ መኪና ፈተና ነው። ዮሃኒስበርግ ግን ከፍራንክፈርት በባቡር እስከ ጋይዘንሃይም ከተማ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግር።

ፍራንክፈርት ለሚኖር ወይም ግማሽ ቀን ላለው ዮሃኒስበርግ። መኪና ተከራይቶ ተረጋግቶ ማደር ለሚፈልግ ብሮሊዮ።