ሁለት ቤት አስቀርተው ሦስተኛውን ለሰጡኝ ደላላ

አንድ ቀን ደላላ አመስግኜ እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ግን እኚህን ሰው ሳላመሰግን ብቀር ደግሞ ይቆጨኛል።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የመጣሁት ጥቅምት ላይ ነው። ሳሪስ አካባቢ በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 16,000 ብር ነው። አገሬ ብሆን በዚህ ብር ደህና ቤት ይዤ እናቴንም እደጉም ነበር። እዚህ ግን ቤት ፍለጋ ስወጣ ነው አቅሜን ያወቅኩት።

አምስት ሳምንት ጀሞ፣ የአጎቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግቼ ከረምኩ። ክፉ የተናገረኝ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ልጆቿ ቴሌቪዥን ለመክፈት እኔ እስክነሳ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ፍለጋውን ያየ ያውቀዋል። ቴሌግራም ላይ ፎቶው የሚያምር ቤት ሁሉ ሲደውሉለት “አሁን ተያዘ” ነው መልሱ። አንዱ ደላላ የማሳያ 300 ብር ተቀብሎኝ የተቆለፈ በር ፊት አቆመኝና “ቁልፉን ላምጣ” ብሎ ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ እያመጣ ነው። አንዲት አከራይ ደግሞ ላጤ መሆኔን ስትሰማ በሩን ሙሉ ለሙሉ እንኳን ሳትከፍተው ዘጋችው።

ከዚህ ደላላ፣ እኔ ጋሼ ከምላቸው፣ ጋር ያገናኘችኝ ቢሯችን አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ናት። “እሳቸው ዘንድ ሂጂ፣ ይቆጡሻል እንጂ አይበሉሽም” አለችኝ። እውነቷን ነው። በሁለቱም።

መጀመሪያ የጠየቁኝ “ማታ ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?” ብለው ነው። ቀጥለው ደመወዜን ጠየቁ። ነገርኳቸው። “ከ7,000 በላይ ቤት እንዳያሳዩኝ በዪኝ” አሉ። እሺ፣ እንዳያሳዩኝ አልኳቸው።

ያው እኔ ቃሌን ያጠፍኩት በማግስቱ ነው። ሳሪስ ውስጥ፣ ከቢሮዬ በእግር አሥር ደቂቃ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ አገኘሁ። 9,500 ብር። ጓጉቼ “ቢያንስ ይዩልኝ” ብዬ ለመንኳቸው። መጡ። ክፍሏን ዞር ብለው እንኳን አላዩዋትም፣ ቀጥ ብለው ወደ ሽንት ቤቱ ሄዱ። ለስንት ቤተሰብ እንደሆነ ጠየቁ። ለአምስት ነው። ከዚያ አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ስትል ጋሼ ሳቁ። “እናቴ፣ አዋጁ ከሁለት ወር በላይ አይፈቅድም እኮ” አሏት። “እንግዲያው አዋጁ ያከራያት” አለች። ወጣን።

ስለ አዋጁ ያኔ ነው የሰማሁት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ አላውቀውም፣ እሳቸው በቃላቸው ይሉታል። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ቢበዛ የሁለት ወር ነው። ኪራዩ በባንክ ወይም በስልክ ይከፈላል። ውሉ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ሄዶ ይመዘገባል። ይህን የሚያስረዳ ደላላ ስንት አለ? ብዙዎቹ “በቃል እንስማማ፣ ወረዳ ምን ያደርግልሻል” ነው የሚሉት።

ሁለተኛው ኮዬ ፈጬ ነው። ስቱዲዮ፣ 5,000 ብር፣ ቀለሙ አዲስ። ወደድኩት። ቀብድ ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት “ዝጊ” አሉኝ። “ነገ ጠዋት 12 ሰዓት እዚህ ነይ። እዚህ ያደርሽ መስለሽ ወደ ሥራ ሂጂ።” ከጀሞ እዚያ ለመድረስ በሌሊት መነሳቴን አስቡት! ተናድጄ ነው የሄድኩት። የታክሲው ሰልፍ ጭራው አይታይም። ቱሉ ዲምቱ ወርጄ ሌላ ሰልፍ፣ ቃሊቲ ወርጄ ሌላ። ሳሪስ ስደርስ 2 ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ምሳ ሰዓት ላይ ደወሉ። “ስንት ወጣብሽ?” በስልክ አብረን ደመርን። እሳቸው ቱሉ ዲምቱ ላይ ካሰቡልኝ የ7,000 ብር ቤት ጋር ሲነጻጸር የታክሲው ልዩነት በቀን 50 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 1,300 ብር። ረከሰ ያልኩት 2,000 ብር 700 ብቻ ሆነ። “ለ700 ብር በጨለማ ልትመላለሺ ነው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ፣ 7,000 ብር። ወደ ቃሊቲ አንድ ታክሲ፣ ከዚያ ባቡር ሲገኝ ባቡር፣ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ቤቱን ያየነው ጋሼ ጥበቃውን ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ጠይቀው፣ ልክ በዚያው ቀን ነው። ቧንቧውን ከፍተው ፎቁ ድረስ መውጣቱን አዩ። የውሃውን ቢል አስመጥተው ውዝፍ መኖሩን ተመለከቱ። የቀድሞው ተከራይ የሁለት ወር ጥሎ ሄዶ ነበር። አከራይዋ ከፍላ ካልዘጋች አንፈርምም አሉ። ከፈለች። በነገራችን ላይ አከራይዋም አሁን ትወዳቸዋለች፣ ውሉን አብረውን ወረዳ ሄደው ያስመዘገቡት እሳቸው ናቸው።

ኮሚሽናቸው የአንድ ወር ኪራይ አሥር በመቶ፣ 700 ብር ነው። ደስ ብሎኝ 1,000 ሰጠኋቸው። 300ውን መለሱልኝ። “በርሜል ግዢበት፣ ውሃ በፈረቃ ነው” አሉ። ገዛሁበት፣ ጨምሬ ማለቴ ነው፣ በርሜል በ300 ብር የት ተገኝቶ!

ጥፋታቸውንም ልናገር፣ አለበለዚያ ዘመዳቸው እመስላለሁ። ይዘገያሉ። አራት ሰዓት ካሉ አምስት ሰዓት ነው። ፎቶ አይልኩም፣ ቴሌግራም የላቸውም። ሲያወሩ ደግሞ አያቆሙም፣ ቃሊቲ ሜዳ ከነበረበት ጊዜ ጀምረው ነው የሚነግሩሽ። ዛሬውኑ ቤት ያስፈልገኛል ለሚል ሰው አይሆኑም።

እንደኔ በአነስተኛ ደመወዝ ለከተማው አዲስ ሆናችሁ ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ቤት የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልካቸውን እዚህ እንድለጥፍ አልፈቀዱም፣ ስማቸውንም እንዲሁ። ደውዬ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እሁድ ጠዋት ብቻ አትሞክሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ስልካቸውም ዝግ ነው።