እግር አልባ የግድግዳ አልጋ ከማዘዛችሁ በፊት ግድግዳችሁን አንኳኩ

ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «እግር አልባ ቆጥ አልጋ» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ። ግድግዳ ላይ ብቻ በቦልት ይታሰራል፣ ከስሩ ሶፋና ጠረጴዛ ያስገባል፣ ቪዲዮው ላይ ሲታይ ያስጎመጃል። እኛም በ38 ሺህ ብር አሠራን። ሻጩ «400 ኪሎ ይሸከማል፣ ዋስትናው የዕድሜ ልክ ነው» ብሎን ነበር።

አልጋው አልተሰበረም። የለቀቀው ግድግዳው ነው። መጀመሪያ ከላይኞቹ ቦልቶች ሥር የልስን ብናኝ ሶፋው ላይ መራገፍ ጀመረ። ቀጥሎ በብረቱና በግድግዳው መካከል የአንድ ብር ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ታየ። ፍራሹን አውርደን አንዱን ቦልት ስናወዛውዘው ከነፊሸሩ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቦልቱን ከሚይዘው ፕላስቲክ ጋር) በእጅ ወጣ። ቀዳዳው ውስጥ ሽቦ ብንሰድ ምንም ሳይነካ ጭልጥ ብሎ ገባ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። የፊቱ ውፍረት ቢበዛ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 2 ሳንቲም ልስን ብትጨምሩበት እንኳ 10 ሳንቲም የሚገባ ቦልት ግማሹ ባዶ ቦታ ላይ ነው የሚቀረው። ተራው ፊሸር የሚይዘው ድፍን ነገር ውስጥ ሲነፋ ነው። ለቲቪ ማንጠልጠያ ይበቃ ይሆናል፣ ለሚተኛ ሰው ግን አይሆንም።

እስቲ አስሉት። አልጋው 1.20 ሜትር ስፋት አለው፣ የታሰረውም በአንድ ግድግዳ ብቻ ነው እንበል። ሁለት ሰው 140 ኪሎ፣ ብረትና ጣውላው 60፣ ፍራሹ 20፤ ድምሩ 220 ኪሎ። ይህ ሁሉ ክብደት በአማካይ ከግድግዳው 60 ሳንቲም ርቆ ነው የሚያርፈው። በላይኛውና በታችኛው ቦልት መካከል 20 ሳንቲም ካለ፣ የላይኞቹ ቦልቶች ወደ ውጭ የሚጎተቱት በ660 ኪሎ ነው። ያውም ተኝተው ለማይንቀሳቀሱ ሰዎች፤ ልጅ ወጥቶ ሲዘልበትማ ሌላ ሂሳብ ነው። «400 ኪሎ» የሚባለው ብረቱ ለብቻው ሳይታጠፍ የሚችለው ይሆናል እንጂ ግድግዳችሁን ማንም አልለካውም።

«እንግዲያው ከጣሪያ በሰንሰለት እንይዘዋለን» የሚሏችሁም አይጠፉም። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ሶሌታዎች (የፎቆቹ ወለልና ጣሪያ) ተገጣጣሚ ቢም፣ ማለትም የኮንክሪት አግዳሚ፣ ተዘርግቶ በመሀሉ ብሎኬት የተደረደረባቸው ናቸው። ድሪሉ ቢሙን ካላገኘ ከላይም ያው ብሎኬት ነው።

ሻጩ ስንደውልለት «ችግሩ የግድግዳው ነው እንጂ የአልጋው አይደለም» አለን። እሱስ እውነቱን ነው! ድሪል ይዞ መጥቶ፣ ሲበሳ ብሎኬቱ ባዶ እንደሆነ በእጁ ተሰምቶት ዝም ያለው ግን ማን ሆነና? ቀጥሎ እግር ለመጨመር ሌላ 9 ሺህ ጠየቀ፣ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ እግሩን የገጠመልን የሰፈራችን በያጅ ነው። ውፍረቱ «2 ሚሊ ነው» የተባልነው አር ኤች ኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ሲቆረጥ 1.2 ሆኖ ተገኘ። ቀለም ከተቀባ በኋላ በዓይን አይለይም፣ ሚዛን ግን ያጋልጠዋል፦ ባለ 40 በ40 የሆነ የ6 ሜትር ቤርጋ በ2 ሚሊ ወደ 14 ኪሎ ይመዝናል፣ በ1.2 ሚሊ ግን ወደ 9 ኪሎ። ብረቱ ሳይቀባና ሳይበየድ ሄዳችሁ እዩት።

ሌላው ማንም የማይነግራችሁ ከፍታው ነው። ጣሪያችሁ 2.60 ቢሆንና ከስር ቆማችሁ ለመሄድ 1.80 ብትተዉ፣ አልጋው ከነፍራሹ 25 ሳንቲም ሲወስድ ከላይ የሚተርፋችሁ 55 ሳንቲም ነው። ቀና ብሎ መቀመጥ የለም። የቡናው ጭስና የወጡ ሽታም የሚሰበሰበው እዚያው ላይ ነው። ከሰልማ መስኮት ተዘግቶ ጨርሶ አይታሰብም።

መሥራት የግድ ከሆነ አራት እግር መሬት ይርገጥ፤ ግድግዳው እንዳይወዛወዝ ብቻ ይያዘው። እግር አልፈልግም የምትሉ ደግሞ ቦልቱ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ወይም ቢም ላይ ይረፍ። ሲያንኳኩት ድፍን ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። ግድግዳውን አሳልፎ በወዲያ በኩል በላሜራ ማሰር ጥሩ ይይዛል፤ ወዲያ በኩል ያለው የጎረቤት ሳሎን ካልሆነ ነው እንግዲህ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ቦልቱ የት እንደሚያርፍ፣ የብረቱ ውፍረትና የሚሸከመው ክብደት በጽሑፍ ይስፈር። «ደረሰኝ ከፈለጋችሁ ዋጋው ይጨምራል» ሲሏችሁ አትስሙ፣ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደረሰኝ መብታችሁ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁም በፊት አስቡበት፦ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ውሉን የሚተወው ሰጪው ከሆነ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ከሆነ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል።

አስቀድማችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ማንም አይተኛበት። ፍራሹን አውርዱና ከላይኞቹ ቦልቶች አንዱን ፈትታችሁ ቀዳዳው ውስጥ ሽቦ ስደዱ። ሽቦው ድፍን ነገር ሳይነካ ከገባ፣ እግር እስኪገጠምለት ድረስ ፍራሹ መሬት ይቆይ።