ራስ አገዝ ቡድን በከተማው ዳር፦ ምን ይሰጣል፣ የቱ ጋ ይፈርሳል

ገላን ጉራ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ። ወደነዚህ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች የገባ ቤተሰብ ቤት ቢያገኝም ጎረቤቱ፣ እድሩና ደንበኛው አብረውት አልመጡም። በ2017 ዓ.ም ከካዛንቺስ ተነሥታ ገላን ጉራ ለገባች ባለጉሊት ከቤት ኪራዩ ይልቅ የሚከብዳት ዱቤ የሚሰጣትና የሚገዛት ሰው ማጣት ነው። ስለዚህ አገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ከሚሰጡት አገልግሎት ሁሉ የምናስቀድመው ራስ አገዝ ቡድንን ነው።

አሠራሩ በአገራችን በፈረንጆቹ 2002 በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አማካይነት አዳማ ላይ ተጀመረ። ኑሯቸው የሚቀራረብ ከ15 እስከ 20 ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው ይቆጥባሉ። እቁብ አይደለም፤ እቁብ ዕጣ ለደረሳት ሁሉን ያስረክባል፣ እዚህ ግን ገንዘቡ የቡድኑ ሆኖ በብድር ይዞራል። ድርጅቱ ብር አይሰጥም። የሚሰጠው አመቻች (ቡድኑን ሥራ የምታስጀምርና የምትደግፍ ሠራተኛ)፣ ሥልጠናና የሒሳብ ደብተር ነው። ብዙ ሰው በዚህ ቅር ይሰኛል፤ ጥንካሬው ግን እሱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 20 አባላት በሳምንት 25 ብር ቢያስገቡ 500 ብር፣ በ12 ሳምንት 6,000 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው ብድር ትንሽ ይሁን፦ ለሁለት ሴቶች 2,000፣ 2,000 ብር፣ የቀረው ይቀመጥ። ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ በየቀኑ ገንዘብ ስለሚገባላት በሳምንት 200 ብር እየመለሰች በ10 ሳምንት ትጨርሳለች። ለበዓል በግ የምታደልብ ግን እስክትሸጥ እጇ ባዶ ነው፤ ውሏ በሽያጩ ቀን መጻፍ አለበት። ይህን ሳይለዩ ለሁሉም አንድ ዓይነት የመክፈያ ጊዜ የሚያወጡ ቡድኖች ጥሩ ሠራተኛዋን በውዝፍ ያስመርሯታል። ወለድ በሃይማኖቷ የማይፈቀድላት አባል ካለችም አሠራሩ መተዳደሪያ ደንቡ ሲጻፍ ይወሰን፤ ብድር ሲጠየቅ ቢነሣ ያጣላል።

በከተማው ዳር በብዛት የምናየው ስህተት ሁሉም አንድ ሥራ መምረጡ ነው። አንድ ብሎክ ላይ ስምንት እንጀራ ሻጭ ከተነሣ ገበያው አይበቃም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ቆጣሪ በጋራ በሚጠቀሙበት ግቢ ሁለት ምጣድ ሲበራ መስመሩ ይጥላል፣ ሊጡ ይኮመጥጣል። ብድሩ ከመፈቀዱ በፊት ቆጣሪው ይታይ።

ሁለተኛው ስህተት የድርጅቱ ነው። ዘይትና ዱቄት በቡድኑ በኩል ሲታደል ሰው ለእደላው ይመዘገባል፤ እደላው ሲቆም ቡድኑም ይበተናል። የተቸገረ ይረዳ፣ ግን በሌላ መዝገብ። ለሐዘንና ለሕመም የሚዋጣውም ከቁጠባው ተለይቶ ለብቻው ይያዝ። የአመቻቿ እጅ ደግሞ ገንዘብ ጨርሶ አይንካ።

ድርጅቱን ለመመዘን፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገቡንና የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቁ። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ከዚያ በስብሰባ ቀን ሄዳችሁ ተቀመጡ። ሰብሳቢነቱ በየሳምንቱ ይዞራል? ቃለ ጉባኤው ይነበባል? የአንዲቱን ደብተር ከቡድኑ መዝገብ ጋር አስተያዩት፤ ብሩ ይገጥማል? አንድ ዓመት በሞላው ቡድን ውስጥ ስብሰባውን አሁንም የምትመራው አመቻቿ ከሆነች፣ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።