ቤተሰቡን ሳትወቅስ እህቴን ላከመችልን የሥነ ልቦና ባለሙያ

ይህን ምስጋና የምጽፈው በታናሽ እህቴ ሙሉ ፈቃድ ነው። መጀመሪያ ያነበበችውም እሷ ናት፤ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰርዛ የቀረውን "ይውጣ" ብላለች። ምስጋናው የሚገባት የሥነ ልቦና ባለሙያ የታካሚዎቿን ምስጢር አጥብቃ ስለምትጠብቅ ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገችም። ሥራዋን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሴት ልጃቸው ከምግብ ጋር የተጣላችባቸው ብዙ ቤተሰቦች ምን ዓይነት ሰው መፈለግ እንዳለባቸው እንኳ ሳያውቁ ጊዜው ይነጉድባቸዋል፤ በዚህ በሽታ ደግሞ የዘገየ ሕክምና ብዙ ያስከፍላል።

እህቴን የያዛት አኖሬክሲያ ነርቮሳ ነው፤ ሰው መወፈርን ፈርቶ ራሱን ከምግብ የሚከለክልበት የአእምሮ ሕመም። ሲጀምራት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አንድ ፊደል ከተበላሸባት ገጹን ሙሉ እንደገና የምትጽፍ፣ ሰው እንዳይቀየማት ስትል የራሷን ፍላጎት ውጣ የምትቀር ልጅ ናት። ምግብ መቀነስ ስትጀምር ያያት ሁሉ አመሰገናት። ቆይታ ግን ከማዕድ ራቀች፤ ሁልጊዜ "ውጭ በልቻለሁ" ትላለች፤ ሌላው ሰው በሙቀት ሲጨነቅ እሷ ይበርዳታል፤ ሰፋፊ ልብስ ውስጥ ተደበቀች። መጀመሪያ ያማከርነው ባለሙያ እህቴ እየሰማች እናታችንን "ምን አድርገዋት ነው?" አላት። እናቴ ከዚያ በኋላ አንገቷን ደፍታ ከረመች። እህቴም የእናቷን ሐዘን እንደ ራሷ ጥፋት ቆጥራ ይበልጥ ከምግብ ራቀች።

አሁን የማመሰግናት ባለሙያ የጀመረችው ከሌላ ቦታ ነው። ከሁሉ በፊት ወደ ሐኪም ላከችን፤ የልብ ምቷ፣ የደም ግፊቷ፣ በደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ፎስፌት እንዲመረመር ጠየቀች። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሕይወት ከሚቀጥፉት አንዱ መሆኑን ሳትደብቅ፣ ሳታስፈራራም ነገረችን። በረሃብ የቆየ ሰውነት ያለ ሐኪም ክትትል በድንገት ብዙ ቢመገብ እንኳ ለአደጋ እንደሚጋለጥ ከእሷ ሰማን። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ "ይህን በሽታ እርስዎ አልሰጧትም። ከዚህ እንድትወጣ ግን ያለ እርስዎ አልችልም" አለቻት። እናቴ ቀና ያለችው ያን ቀን ነው።

አባባሏ ማጽናኛ ብቻ እንዳልነበር በኋላ በንባብ አረጋገጥሁ። በሽታው ለሐኪሞች በግልጽ ከተገለጸበት ከ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቤተሰብ በጥርጣሬ ዓይን ሲታይ ኖሯል። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋል ታማሚዋን ለመንከባከብ ዘመድ አዝማድ የማይመች ሰው ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ የቤተሰብ ሕክምና መሪ የነበረው ሳልቫዶር ሚኑቺን በእነዚህ ልጆች ቤት አራት ነገሮች አያለሁ አለ፦ በአባላቱ መካከል ወሰን መጥፋት፣ ከመጠን ያለፈ ጥበቃ፣ ግትርነትና ጸብን ፊት ለፊት አለመፍታት። ሐሳቡ ብዙ ሕክምና ወልዷል፤ ብዙ እናቶችንም አስለቅሷል። ቆይተው የመጡ ጥናቶች አንድ ወጥ "የአኖሬክሲያ ቤተሰብ" እንደሌለ፣ በቤቱ የሚታየው ውጥረትም ብዙ ጊዜ ከሕመሙ በኋላ የሚመጣ መሆኑን አሳዩ። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ለበሽታው ከሚያጋልጠው ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ለዘር ውርስ ይሰጣሉ። በ2019 የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዙ ስምንት የዘረመል ሥፍራዎችን ያገኘ ሲሆን፣ ዝምድናው ከአእምሮ ሕመም ባሻገር ከሰውነት የኃይል አጠቃቀምም ጋር ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ ያየች ባለሙያ እናትን ተከሳሽ ወንበር ላይ አታስቀምጥም።

ከእህቴ ጋር ብቻዋን በተቀመጠችባቸው ሰዓታት ምን እንደተባለ የእህቴ ምስጢር ነው። ራሷ እንድጽፈው የፈቀደችውን ብቻ ላንሳ። ለራሷ የምትሰጠው ግምት በሙሉ በሁለት ነገር ላይ ቆሞ ነበር፤ በፈተና ውጤትና በሰውነቷ ቅርጽ። ንዴትን፣ ፍርሃትን፣ ቅናትን ስሙን ጠርታ መናገር አትችልም ነበር፤ ሁሉንም "ወፍሬያለሁ" በሚል አንድ ስሜት ትተረጉመዋለች። ሌላው ሕይወቷ ከቁጥጥሯ የወጣ ሲመስላት ምግብ መከልከል ብቻ የምታዝዘው ግዛት ሆነላት። ባለሙያዋ ይህን ነጥቃ ባዶ እጇን አላስቀረቻትም፤ በቦታው ሌላ ነገር እስኪተከል ታገሠቻት፤ መናገርን፣ እምቢ ማለትን፣ የተበላሸ ገጽ ሳይቀደድ እንዲያድር መተውን አስተማረቻት።

ለእኛ ደግሞ አንድ የቆየ ጥናት ነገረችን፤ ለቤታችን ትልቅ እፎይታ ነበር። በ1944 እና 1945 በአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሠላሳ ስድስት ጤነኛ ወንዶች በፈቃደኝነት ለስድስት ወራት በግማሽ ረሃብ ውስጥ ቆይተው ነበር። በአእምሮ ጤንነታቸው ተመርጠው የገቡ ሰዎች ናቸው። ረሃቡ ሲበረታ ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ፣ በትንሹ የሚቆጡ፣ ከሰው የሚሸሹ፣ የሚተክዙ ሆኑ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር። እህቴ ምግብ ሳትቀምስ ለሌላው ስታበስል፣ በጥቃቅን ነገር ስትነድ ያየን እኛ ነገሩ ገባን። የተራበ አንጎል እንደዚያ ይሆናል። ስለዚህም ነው ባለሙያዋ ከጥልቅ ወሬ ይልቅ መብላትን ያስቀደመችው።

ቤተሰብ ጥፋተኛ አይደለም ማለት ቤት ውስጥ የሚነገረው ነገር አይጎዳም ማለት አይደለም። ችሎታዋ በእጅጉ የታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ሳትከስ ታርማለች። በቤቱ ስለማንም ሰው ሰውነት አስተያየት እንዳይሰጥ አደረገች፤ ክብደት ስለቀነሰ ዘመድ የሚነገር ሙገሳ ጭምር። በቤተሰብ ውስጥ በክብደት መቀለድ በልጃገረዶች ላይ ከተዛባ አመጋገብ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ከውጭ የሚመጣው ምስል ያለውን ኃይልም አልዘነጋችም። ቴሌቪዥን ያኔ ገና በገባበት አንድ የፊጂ (በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለች የደሴቶች አገር) አካባቢ በ1995 ከተጠየቁት ልጃገረዶች ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም፤ በ1998 ግን 11.3 በመቶ ያህሉ ይህን እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ታዲያ ስልኩንና ስክሪኑን ሁሉ መዝጋት አይቻልም፤ ቤት ግን ከዚያ ድምፅ የሚታረፍበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የቤታችን ጉዳይ ከዚህ ይከብድ ነበር። አባቴና እናቴ ሲኮራረፉ መልእክት የምታመላልሰው እህቴ ነበረች። የሁለቱን ፊት አንብባ ቤቱን የምታረጋጋ እሷ ናት። ባለሙያዋ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣ "ከእንግዲህ የምትነጋገሩት በቀጥታ ነው" አለቻቸው። ቀላል አልነበረም፤ አባቴ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ወጥቷል። ተከትላው ወጣች፤ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

እንግሊዛዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጃኔት ትሬዠር አስታማሚዎችን በእንስሳት የምትገልጽበት ዘዴ አለ፤ ባለሙያችን ይህንንም አሳየችን። በክርክርና በግዴታ የሚገፋው አውራሪስ ነው፤ ልጁን ከችግር ሁሉ በኪሱ የሚሸሽገው ካንጋሮ፤ እንዳያይ ጭንቅላቱን የሚቀብረው ሰጎን። የሚፈለገው ዶልፊን ነው፤ አንዴ ከፊት እየመራ፣ አንዴ ጎን ለጎን እየዋኘ፣ አንዴ ከኋላ በቀስታ እየገፋ የሚያደርስ። አባቴ ራሱን በአውራሪሱ፣ እናቴ ራሷን በካንጋሮዋ ውስጥ ወዲያው አገኙ። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ላይ ግጭት ሲቃረብ ማንም ሌላውን አይወቅስም፤ የእንስሳውን ስም መጥራት ይበቃል።

ባለሙያዋ የተከተለችው ሕክምና በ1980ዎቹ በለንደኑ ሞድዝሊ ሆስፒታል ከተጀመረው በቤተሰብ ላይ የተመሠረተ ሕክምና የመጣ ነው። መጀመሪያ ወላጆች የልጃቸውን አመጋገብ ሙሉ በሙሉ ይረከባሉ፤ ከዚያ ጤናዋ ሲመለስ ኃላፊነቱ ቀስ በቀስ ለእሷ ይመለሳል፤ በመጨረሻ ወሬው ከምግብ ወጥቶ እንደ ማንኛዋም ወጣት ስለ ራሷ ሕይወት ይሆናል። በሁለተኛው ቀጠሮ ምግብ ይዘን ሄደን ፊቷ በላን፤ ወላጆቼ እንዴት በጋራ መጽናት እንዳለባቸው እዚያው አሳየቻቸው። እህቴ ስትጮህ "አሁን የሚናገረው በሽታው ነው፤ ልጃችሁ ከኋላው ናት" ትል ነበር። በ1987 የወጣው የሞድዝሊ ጥናት ይህ መንገድ ይበልጥ የሚሠራው ሕመሙ በልጅነታቸው ጀምሯቸው ከያዛቸው ገና ሦስት ዓመት ላልሞላ ታማሚዎች መሆኑን አሳይቷል። በዕድሜ ከፍ ላሉ ሴቶችና ለቡሊሚያ (ብዙ በልቶ ከዚያ በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ለማካካስ መሞከር) በግል የሚሰጥ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና በስፋት ይመከራል። ቡሊሚያን ካነሣሁ አይቀር፣ ክብደቷ የተስተካከለ ልጅ በጽኑ ልትታመም ትችላለች፤ መልኳን አይታችሁ "ደህና ናት" አትበሉ።

ባለሙያ ስትፈልጉ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ነገር ጠይቁ። ከሐኪም ጋር ተባብሮ ይሠራል? እናንተን ከክፍሉ ያስወጣችኋል ወይስ ሥራ ይሰጣችኋል? በልጅቱ ፊት ጥፋተኛ የሚፈልግ ከሆነ፣ ወይም "ፍላጎት የላትም እንጂ ብትፈልግ ትበላ ነበር" ካለ፣ ሌላ ፈልጉ። ራሷን የመሳት፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ሕይወቷን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዷት።

እህቴ ዛሬ ትማራለች፤ ከእኛ ጋር ትበላለች፤ ከእኛ ጋር ትጣላለችም። ፈተና ሲቃረብ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ነበር፤ ባለሙያዋ አስቀድማ ምልክቱን ስላስተማረችን በቶሎ ተመልሰን ሄድን። እናቴ በየጊዜው ትመርቃታለች፤ አባቴ ምስጋናውን በአፉ መናገር ስለሚከብደው እኔ እንድጽፍለት አደራ ብሎኛል። እነሆ ጻፍኩ፤ ቤተሰባችን በሙሉ ከልብ ያመሰግንሻል። ለልጃችሁ ወይም ለእህታችሁ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በእሷ ፈቃድ አገናኛችኋለሁ።