መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ በአንድ ቀን፦ ከመክፈልዎ በፊት

ከጀሞና ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ መንገድ የሚወርደው የቀን ጉዞ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በአስጎብኚ ከሚደረጉ ጉዞዎች ሁሉ የምናስቀድመው ነው። በ90 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ በዩኔስኮ የተመዘገቡ ሁለት ቅርሶችና ከአለት የተፈለፈለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይታያሉ። ቅሬታችን አንድ ነው፦ ጉዞው ብዙ ጊዜ «የጢያ ጉብኝት» ተብሎ ይሸጥና መልካ ቁንጡሬ ላይ እግር ለማፍታታት ያህል ብቻ ይቆማል። እንዲህ ከሆነ የከፈሉት ገንዘብ ግማሹ ባከነ።

መልካ ቁንጡሬ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ዳር ይገኛል። ሥፍራው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በ2024 በአቅራቢያው ካለው የባልጩት ድንጋይ መገኛ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጋርባ በተባለው የቁፋሮ ቦታ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ጎምቦሬ ላይ ደግሞ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የአዋቂዎችና የሕፃናት የእግር ዱካ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ በሃያ ደቂቃ ማየት አይቻልም። ትንሹ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ግማሽ ሰዓቱ ለሙዚየሙ ጎጆዎች፣ የቀረው በእግር ሄዶ ጎምቦሬን ለማየት።

ጎጆዎቹን ብቻ አይቶ የሚመለስ ቡድን ዋናውን ነገር አላየም። ጎምቦሬ ላይ በመጠለያ ሥር ያለው ወለል ተቆፍሮ እንደተገኘ ነው የተተወው፤ የድንጋይ መሣሪያውና የእንስሳቱ አጥንት በየነበሩበት ተኝተዋል። የአካባቢው አስጎብኚ መሣሪያ የተሠራበትን ባልጩት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣውን መስተዋት መሰል ድንጋይ፣ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ጥቁር የጠርሙስ ስባሪ ይመስላል፤ ጠርዙ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። የተመታበት ነጥብ ሥር ትንሽ እብጠት አለ፤ ከዚያ ተነስተው እየሰፉ የሚሄዱ ሞገድ መሰል መስመሮችም ይታያሉ። ሰው ሆን ብሎ የፈለጠውን ድንጋይ በራሱ ጊዜ ከተሰበረው ለመለየት እነዚህ ምልክቶች በጣም ይረዳሉ። መሬት ላይ ያገኙትን ስባሪ ግን አንስቶ ኪስ መክተት ክልክል ነው፤ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ለተመራማሪ የሚነግረው ነገር እጅግ ይቀንሳል።

ወደ አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። በክረምት መረሬው ጎማ ስለሚይዝ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝቅ ባለ ሚኒባስ መሄድ ቀኑን ማበላሸት ነው፤ ከፍ ያለ መኪና ይጠይቁ። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ መሬት ተቆፍሮ የተሠራ በመሆኑ ጠርዙ ላይ እስኪደርሱ አይታይም። በትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጋር ይያያዛል። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ሰዓቱን ነው። በአዘቦት ቀን ቅዳሴ ጠዋት ያልቃል፤ በጾም ቀናት ግን ቀትር አካባቢ ስለሚጀመር ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ስድስት ሰዓት ላይ የደረሰ ጎብኚ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ወር በገባ በ21 ምዕመናን ስለሚበዙ ተዘዋውሮ ማየት ይከብዳል። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፣ ለሴቶች ነጠላ፣ ለጨለማው ክፍል ባትሪ ይያዙ። ቁልፍ የያዙት አባት አስቀድሞ ካልተነገራቸው ላይገኙ ይችላሉና አስጎብኚው ከዋዜማው እንዲደውል ያድርጉ።

ምሳ መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ ይበላል። አካባቢው ሶዶ ጉራጌ ነውና ክትፎ በቆጮ ማለፍ አይገባም።

ጢያን መጨረሻ ላይ ማድረግ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ርቀቱ ብቻ አይደለም። በጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ ያሉት ቅርጾች ከድንጋዩ ብዙ ከፍ ያላሉ በመሆናቸው የቀትር ፀሐይ ያጠፋቸዋል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ጋደል ሲል ሰይፎቹና ክቦቹ በጥላቸው ጎልተው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ያለው ይህ ቦታ 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ሥሩ መቃብር ነው። የአስጎብኚው ጥራት የሚለካውም እዚህ ነው። የሰይፎቹ ቁጥር ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ያመለክታል የሚለውን እንደ ተረጋገጠ እውነት የሚናገር አለ፤ ጎበዙ ግን «ተብሎ ይገመታል» ብሎ ያስረዳል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ምልክቶች ትርጉማቸው እስካሁን አልተፈታም። ድንጋዮቹን መደገፍም ሆነ ለፎቶ መውጣት አይፈቀድም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር በግልጽ ያስነግሩ፦ የሦስቱም ቦታ መግቢያና የየአካባቢው አስጎብኚ ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? መልካ ቁንጡሬ ላይ ስንት ሰዓት ይቆማል? ጎምቦሬስ ይገባል? «ጊዜ ካለ» የሚል መልስ ከሰጡ አይገባም ማለት ነውና ሌላ ይፈልጉ። ዝርዝር ብርም ይያዙ፤ መግቢያው ላይ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ባይዘገይ ይመረጣል። ከጢያ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከተነሱ ዓለም ገና ላይ ከባድ መኪናና የሥራ መውጫ ሰዓት ይገጣጠማሉ፤ ከዚያ እስከ ጀሞ ያለችው አጭር መንገድ አንድ ሰዓት ልትወስድ ትችላለች።